ሌሊት አናታችን ላይ የሚታጠፉት አውሮፕላኖች፦ ለማን ነው አቤት የሚባለው? (ምንጃር)

የምንጃር ልጅ

ሰላም ጎበዝ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሰነባብቻለሁ፣ ስለዚህ ልጠይቅ።

የምኖረው ከአረርቲ ወጣ ብሎ ነው። አውሮፕላን ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልጆች ሆነን ከብት ስንጠብቅ ነጭ መስመር እያሰመረ ሲያልፍ አንጋጠን እናይ ነበር። ድምፁ የሚደርሰን እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ያ ከፍ ብሎ የሚሄደው ነው፣ ማንንም አይነካም። የአሁኑ ሌላ ነው። ካለፈው መኸር ወዲህ ሌሊት ሌሊት ዝቅ ብለው ይመጣሉ፣ እኛ ጋ ሲደርሱ ይታጠፋሉ፣ ሲታጠፉ ደግሞ ሞተሩ ያጓራል።

በጥር አውድማ ስጠብቅ ነው በደንብ ያየኋቸው። ጤፉ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ሌሊቱን ጭድ ላይ ነው የምናድረው። መብራታቸው ከምሥራቅ በኩል ብቅ ይላል። አንዱ ሳይርቅ ሌላው ይከተላል፣ ልክ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ። ከማሳችን ዳር አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ሁሉም እዚያ ግራር ላይ ሲደርሱ ይታጠፋሉ። አንድም የሚስት የለም። ሰው በመንገድ እንኳ እንዲህ አይሄድም።

አባቴ ሰማንያን አልፏል፣ እንቅልፉ ስስ ነው። አንዴ ከነቃ ነቃ ነው፣ ዳዊቱን አውጥቶ ይቀመጣል። «ደግሞ መጣ» ይላል፣ ሌላ ነገር አይናገርም። ውሾቹም አብረው ይነሳሉ።

አንድ ቢሮ ሄጄ ነገርኩ። «ሰማዩ እኛ አስተዳደር ሥር አይደለም» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

እስኪ የምታውቁ፦ መንገዱን ቀይረውት ነው? ለማን ነው አቤት የሚባለው? ከኛ ላይ ማስነሳትስ ይቻላል?

ሲኖ ነጂው

ወንድሜ በእግዚአብሔር፣ አንተ የታደልክ ነህ። እኛ ሰፈር በአንድ በኩል ሞንታርቦ፣ በሌላ በኩል ወፍጮ ቤት፣ መሐል ላይ ደግሞ እንደኔ ያለ ሲኖትራክ ሌሊቱን ሲያግዝ ያድራል። አውሮፕላን ቢያልፍ ማን ሰምቶት! ለሁለት ደቂቃ ጩኸት ክስ ምንድን ነው?

ደግሞ አየር መንገዱ ሲያድግ ደስ ይለን የለ? ሳይበር ያድጋል እንዴ?

ቡልጋዊት

@ሲኖ ነጂው ሞንታርቦውን ቄሱን ወይ ባለቤቱን ለምነህ ታስቀንሳለህ። ወፍጮውም ማታ ይዘጋል። ይሄን ማንን ትለምናለህ? የሰውየው ጥያቄ እሱ ነው።

እኔ ቡልጋ፣ ሾላ ገበያ አካባቢ ነኝ። እኛም እንሰማለን። ሌሊት ጸጥ ባለ አገር ትንሽ ድምፅ ትልቅ ነው፣ ከተማ ያደረ ሰው ይሄ አይገባውም። ሌላም ነገር አለ። በዚህ ጊዜ ከላይ ድምፅ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የመንገደኛ አውሮፕላን አይደለም። ልጆቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባሉ። «መንገደኛ ነው፣ ተኙ» እላለሁ፣ እኔም ግን እስኪያልፍ ጆሮዬን አቁሜ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ የምንጃር ልጅ። «ከኛ ላይ ማስነሳት» ስትል ወዴት ሊሄድ ነው? ከናንተ ሲነሳ እኛ ላይ ነው የሚወድቀው። ጎረቤት አይደለን እንዴ?

ጡረተኛው

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን በአየር ትራፊክ ቁጥጥር የፈጀሁ ሰው ነኝ። የናንተን መስመር ዛሬ ላይ ስላላየሁት ተቀይሯል አልተቀየረም ብዬ አልፈርድም። ግን ከመፍረድ በፊት ልታውቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሡኝ።

መጀመሪያ ነፋስ። የቦሌ ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ ስማቸው 07 እና 25 ነው። በኮምፓስ 70 እና 250 ዲግሪ ማለት ነው። መስመሩን ወደ ምሥራቅ ብትስቡት ወደ ቡልጋና ምንጃር ያመለክታል። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከምዕራብ ሲሆን አራፊዎቹ ከናንተ በኩል ይገባሉ፤ ከምሥራቅ ሲሆን ደግሞ ተነሺዎቹ ወደናንተ ይወጣሉ። አንዱ ወር ከሌላው የሚለየው መንገድ ተቀይሮ ሳይሆን ነፋስ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ሰው ይሄን ሳያጣራ ጽፎ ይሄድና በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ያ የግራሩ ነገር። ልጄ ያየኸው ትክክል ነው፣ ምክንያቱንም ልንገርህ። ድሮ አብራሪው ምድር ላይ የተተከለ የሬዲዮ አመልካች እየተከተለ ነበር የሚመጣው፣ ወይም እኛ «ወደ ግራ ታጠፍ» እያልን እንመራው ነበር። አንዱ ከሌላው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ይለያያል። ጩኸቱም ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርስ ነበር። አሁን በሳተላይት ነው የሚሄዱት። መታጠፊያው ነጥብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጽፏል። ሁሉም እዚያው ነጥብ ላይ ይታጠፋሉ፣ እንደ ባቡር ሀዲድ። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለደኅንነትም ጥሩ ነው። ግን ሀዲዱ ሥር ያለው ሰው የሁሉንም ድርሻ ብቻውን ይቀበላል። በዓለም ላይ ያለው የዚህ ዘመን አቤቱታ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው፣ ይሄን አገራችን ውስጥ ማንም ሲያወራው አልሰማሁም። የአውሮፕላን ከፍታ የሚነገረው ከባሕር ጠለል በላይ ነው፣ ከጣራህ በላይ አይደለም። አንድ አውሮፕላን 5,000 ሜትር ላይ ነው እንበል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ስላለች እዚያ ያለው ሰው 3,720 ሜትር ይርቀዋል። ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ላይ ናት። እዚያ የሚቀረው 2,160 ሜትር ብቻ ነው። ያው አውሮፕላን፣ ያው ቁጥር! ርቀቱ በእጥፍ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ይጨምራል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ለተቀመጠ ሰው «በቂ ከፍታ ነው» የሚባለው ለደጋ ሰው በቂ ላይሆን ይችላል። ቡልጋዊት ልጄ፣ አንቺ ከምንጃር ቆላው ከፍ ትያለሽ፣ ይሄ ይመለከትሻል።

አሁን ዋናው። አረርቲ ከቦሌ በአየር ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። አራፊ አውሮፕላን ያለ ወረፋ ከመጣ ከዚያ ርቀት ላይ ገና ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ሞተሩንም ቀንሶ እንደ ጭልፊት ይንሸራተታል። ወረፋ ካለ ግን ቀድሞ ዝቅ ይላል። ዝቅ ብሎ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ይታዘዛል፣ ይዞራል፣ እንዳይወርድ ደግሞ ሞተር ይጨምራል። አባትህን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ስለዚህ «መስመሩን ከላያችን አንሱ» ከማለት «ሳታቋርጡ ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ» ማለት ይሻላል። ይሄ ለአየር መንገዱም ነዳጅ ያተርፍለታል፣ ማንም ላይ አይገፋም።

የምንጃር ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የግራሩ ነገር አሁን ገባኝ፣ እኔማ ጠንቋይ ነው ልል ነበር።

@ቡልጋዊት ይቅርታ። እውነትሽን ነው። ሳላስበው ነው የጻፍኩት።

አንድ ጥያቄ ጋሼ። ድምፁን ሰምቼ ቀና ስል አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው። የትኛው እንደጮኸ እንዴት ነው የምለየው?

ጡረተኛው

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ሦስት ኪሎ ሜትር ካለ እስኪደርስህ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጃል። እሱ ግን በነዚያ ዘጠኝ ሰከንዶች ኪሎ ሜትር አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ከድምፁ ፊት ፊት ፈልገው።

ስልክህ ላይ ፍላይትራዳር ጫን። የበረራ ቁጥሩን፣ ከፍታውን፣ ከየት እንደመጣ ያሳይሃል። ከፍታው በጫማ ነው፤ አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 13,000 ቢልህ 4,000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፣ ከዚያ ላይ የሰፈርህን ከፍታ ቀንስ። ሁሉንም ላያሳይህ ይችላል። የማይታየውን «አልታየም» ብለህ ጻፍ፣ አትገምት። የስልክ ዴሲቤል መለኪያ ላይ ግን እንዳትመካ።

ከቨርጂኒያ

ጎበዝ፣ እኔ አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ትውልዴ ደብረ ሲና። እዚህ ይሄ ነገር ያላጨቃጨቀው ሰፈር የለም፣ ስለዚህ የሰማሁትን ላካፍል።

ፊኒክስ የምትባል ከተማ አለች፣ አሪዞና ውስጥ። በፈረንጆቹ መስከረም 2014 የአገሪቱ አቪዬሽን አስተዳደር ጋሼ እንዳለው በሳተላይት የሚሄድ አዲስ የመነሻ መስመር አስገባ። አንድ ሌሊት ተኝተው ሲነሱ አውሮፕላኑ ድሮ ያልነበረበት ሰፈር ላይ ሆኗል። ከተማዋ ከሰሰች። ነሐሴ 2017 ላይ ዋሽንግተን ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን የዘፈቀደ ነው ብሎ ሻረው። በ2018 ወደ ምዕራብ የሚነሱት ወደ ድሮው መንገድ ተጠግተው መብረር ጀመሩ።

ይሄን ሰምታችሁ እልል አትበሉ። የጆርጅታውን ሰዎች (እዚሁ ዲሲ) በተመሳሳይ ጉዳይ ከሰው በ2018 መዝገባቸው ተዘጋ። ለምን? ዘገያችሁ ተብለው። ሕጉ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። መስመሩ በወረቀት የጸደቀው በ2013 ነው፣ እነሱ የከሰሱት በ2015። ወረቀቱ ሲጸድቅ ማን ያነባል? ሰው የሚያውቀው አውሮፕላኑ ሲመጣበት ነው። የፊኒክስ ከተማም እኮ ከ60 ቀን አልፋ ነው የከሰሰችው፤ ፍርድ ቤቱ ግን «ስናስተካክለው እያሉ ሲያዘገዩአት ነበር» ብሎ አለፈላት።

ሦስተኛዋ ስኮትስዴል ናት፣ የፊኒክስ ጎረቤት። እሷም ከሰሰች፣ በ2022 ጉዳት እንደደረሰብሽ በማስረጃ አላሳየሽም ተብላ ተመለሰች። ጠበቃ ሞልቷት! እና አንተ ወንድሜ ከሁሉ በፊት ደብተር ያዝ። ከዛሬ ማታ ጀምር።

እዚህ ያለው መለኪያም ያናድዳል። 65 ዴሲቤል ካልደረሰ እንደ ችግር አይቆጠርም፣ እሱም የዓመት አማካይ ነው። የሌሊቱ ላይ 10 ይጨምሩበታል፣ ቢሆንም አማካይ አማካይ ነው። አባትህ የሚነቃው በአማካይ አይደለም፣ በአንዱ ነው።

ሲኖ ነጂው

@ከቨርጂኒያ እሺ አሜሪካ ነው። እዚህ ማን ይሰማሃል? ከተማ ውስጥ ቤቱ ለመንገድ ሲፈርስበት የማይሰማ፣ ለድምፅ?

ሕግ አንባቢ

@ሲኖ ነጂው ተስፋ መቁረጥህ ይገባኛል፣ ግን ሕጉን ሳንሞክረው የለም አንበል። እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም፣ እንዲያ አድርጋችሁ አንብቡኝ።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይጨምራል። ብዙ ሰው ብክለት ሲባል ጭስና ፍሳሽ ብቻ ይመስለዋል። አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን ጎዳ ወይም ሊጎዳ ነው በሚለው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ለዚህ ነው የማመልከቻህ ቀን ትልቅ ነገር የሚሆነው። አስፈርመህ፣ ማኅተም አስመትተህ ቅጂውን ያዝ። በቃል የተነገረ ቀን የለውም፣ ያ የሳቁብህም ለዚህ ነው የማይቆጠረው።

ለመኖሪያ አካባቢ የወጣው የአገራችን የድምፅ መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ደግሞ የአውሮፕላን ድምፅ ሌሊት በአማካይ ከ40 በታች እንዲሆን ነው የሚመክረው። ይሄኛው ምክር ነው፣ አያስገድድም።

«መስመሩ ተቀይሯል ወይ?» ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄህ ክስ አያስፈልግህም። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጻፍ፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከምሥራቅ ወደ ቦሌ የሚገቡ የበረራ ሥርዓቶች ተሻሽለዋል ወይ፣ መቼ፣ የአካባቢ ተጽዕኖው ታይቷል ወይ? ለምን እንደፈለግከው ማስረዳት የለብህም። 30 ቀን አላቸው። ካልመለሱ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ልጻፍ የሚል ሰው አይጠፋም፣ እሱን ተዉት። እሱ የሚያወራው ከመንግሥታት ጋር ነው።

ሕገ መንግሥቱ ላይ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ይላል። ከዚያ በላይ እዚህ የሚጠቅመው ግን አንቀጽ 43 ይመስለኛል። ኅብረተሰቡን የሚመለከት የልማት ፕሮጀክት ሲኖር ሐሳቡን የመጠየቅ መብት አለው። ይሄን የማነሳው ለቦሌ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ እየመጣ ነው፣ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ የታቀደ። እሱ ሲከፈት የምሥራቁ ሰማይ እንደገና መሸንሸኑ አይቀርም። መስመር ጠረጴዛ ላይ ሳለ መናገርና ሀዲድ ከሆነ በኋላ መናገር አንድ አይደለም፣ የጆርጅታውኑን ሰምታችኋል።

ጡረተኛው

ልጁ ልክ ነው። መስመር የሚሠሩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፣ እኔም አብሬ ሠርቻለሁ። ካርታው ላይ ተራራ አለ፣ ከተማ አለ፣ ሌሎች መስመሮች አሉ። አውድማ ላይ የሚተኛ ሰው ግን የለም። ማንም አላስገባውም። ይግባ ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ቡልጋዊት

እኔም ደብተር ጀመርኩ። የልጄን የሒሳብ ደብተር ጀርባውን ነው የያዝኩት። ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፣ ከ8 በኋላ ጸጥ ይላል። ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ ሌላ ነው፣ ደመናው ሲወርድ ድምፁ ብቻ ነው ያለው።

የምንጃር ልጅ፣ ደብዳቤውን አብረን እንጻፈው ካልክ አለሁ። ግን «ሳያቋርጡ ይውረዱ» የሚለው ይግባ፣ «ይነሳልን» የሚለው ይውጣ።

የምንጃር ልጅ

ወጥቷል።

የዘጠኝ ሌሊት ማስታወሻ አለኝ አሁን። ጋሼ የነፋሱን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ ተዋርጄ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት ስምንት አውሮፕላኖች አለፉ፣ ሁሉም ግራሩ ላይ ታጠፉ። ረቡዕ አንድም የለም! አባቴ «ተዋቸው እንዴ?» አለኝ ጠዋት። ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ስለዚህ በየሌሊቱ የነፋሱን አቅጣጫም እጽፋለሁ፣ ከጎተራው አናት ላይ ላስቲክ አስሬ። የኛ ነፋስና የቦሌ ነፋስ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ ጋሼ፣ እንዳይስቁብኝ።

ፍላይትራዳር ላይ ከስምንቱ ስድስቱ ታይተውኛል። ሁለቱን «አልታየም» ብያለሁ። ከስድስቱ አራቱ ሲታጠፉ ከፍታቸው ቀጥ ብሎ የቆየ ነው፣ ሁለቱ ግን እየወረዱ ነው ያለፉት። የሚገርመው አባቴ በነዚያ በሁለቱ አልነቃም።

የመረጃ ጥያቄውን ደብዳቤ ዛሬ ጻፍኩት፣ አንድ ገጽ ነው። ቡልጋዊት፣ አረርቲ ስትመጪ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንፈርማለን። ሲኖ ነጂው፣ አዲስ አበባ የምትሄድበት ቀን ካለ ደብዳቤውን አድርስልን፣ ማኅተሙን ሳትቀበል እንዳትመለስ።

ሲኖ ነጂው

ሐሙስ ጤፍ ጭኜ እገባለሁ። ስጡኝ። ግን ሌሊት ነው የማልፈው፣ ጩኸት እንዳትሉኝ።